ስለ ለገሃር ባቡር ጣቢያ ጠይቁኝ

ጋሽ ሐዲድ፦ ስለ ለገሃር የፈለጋችሁትን ጠይቁ። ሁለት ነገር ግን ላስጠንቅቅ። ዓመት ስትጠቅሱ በኛ ይሁን በፈረንጅ ተናገሩ፤ እኔ የምጽፈው በፈረንጅ ነው። ለገሃርንና የአዲሱን የጅቡቲ ባቡር ጣቢያ ለቡንም አታምታቱ።

የቂርቆስ ልጅ፦ ጋሼ፣ ጣቢያውን ያሠሩት ምኒልክ ናቸው አይደል?

ጋሽ ሐዲድ፦ አይደሉም። ምኒልክ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡሩን ፈቃድ የሰጡት በ1894 ነው። ሐዲዱ በ1902 ድሬዳዋ ደረሰና ገንዘብ አጥቶ ለዓመታት ቆመ። አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው፣ እሳቸው ካረፉ በኋላ። የምታዩት ሕንፃ ደግሞ በ1929 ተመረቀ፣ በዘውዲቱ ጊዜ።

ሰብለ፦ ለምንድነው ከፒያሳ ያን ያህል የራቀው?

ጋሽ ሐዲድ፦ ጎሽ! ጥያቄ ማለት ይሄ ነው። ያኔ ከተማው ወደ ላይ ነበር፤ ግቢው፣ ጊዮርጊስ፣ አራዳ ገበያ። ለገሃር የደቡብ ዳርቻ ነበር። ባቡር ደግሞ ዳገት አይወድም። ከጅቡቲ ባሕር ዳር ተነስቶ ከ2,300 ሜትር በላይ የወጣ ባቡር፣ በአቃቂ በኩል መጥቶ ታች ቢቆም ይሻለዋል፤ የቸርችልን ዳገት በእግሩ የወጣ ሰው ይገባዋል። አቀማመጡን ልንገራችሁ። ፊት ለፊት አደባባዩ ከነአንበሳው፣ ቀጥሎ ሕንፃው፣ ከጀርባው መሳፈሪያው፣ ከዚያ ሐዲዱ። የመጨረሻ ጣቢያ ስለሆነ ባቡሩ አልፎ አይሄድም። ሎኮሞቲቩ ከፉርጎዎቹ ይፈታል፣ በጎን ሐዲድ ይዞርና በሌላው ጫፍ ይቀጠላል። ለዚህ ብዙ ሐዲድና ሰፊ ቦታ ያስፈልጋል። መሃል ከተማ ያን የሚያህል ግቢ የተገኘውም፣ አሁን የግንባታ ዓይን ያረፈበትም በዚሁ ምክንያት ነው።

አቤል፦ ሮም ተወስዶ የነበረው አንበሳ የብሔራዊ ቲያትሩ ነው እኮ።

የቂርቆስ ልጅ፦ ምን ነካህ? የለገሃሩ ነው። ዘርዓይ ደረስ ሮም ላይ ጎራዴ የመዘዘው በሱ ምክንያት ነው።

አቤል፦ ትምህርት ቤት እንደዚያ አልተማርንም።

ጋሽ ሐዲድ፦ የቂርቆስ ልጅ ልክ ነው። የለገሃሩ በወርቅ የተለበጠ ነሐስ ነው፣ የተመረቀው በ1930 በኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ዋዜማ። የቲያትሩ ድንጋይ ነው፣ የቆመው በ1955። ገና ያልተሠራ ሐውልት እንዴት ይዘረፋል? በቃ፣ ወደ ጣቢያው ተመለሱ።

ማሂ፦ ነገ ድሬዳዋ መሄድ ፈልጌ፣ ለገሃር በስንት ሰዓት ልገኝ?

ጋሽ ሐዲድ፦ ለቡ! ፉሪ-ለቡ ሂጂ። ከ2018 ጀምሮ መንገደኛ የሚሳፈረው ከዚያ ነው። የሰዓቱን እዚያው ጠይቂ።

ዮኒ፦ ለገሃር ላይ ግን ባቡር ሲያልፍ አያለሁ፤ ጅቡቲ አይሄድም?

ጋሽ ሐዲድ፦ አሁን ምን አልኩ? በድልድዩ ላይ የምታየው የከተማው ቀላል ባቡር ነው። በ2015 የጀመረ።

ሰብለ፦ የድሮዎቹን ሎኮሞቲቮች በአዲሱ መስመር ማስኬድ አይቻልም?

ጋሽ ሐዲድ፦ አይቻልም እህቴ። የድሮው ሐዲድ ስፋት 1 ሜትር ነው፣ የአዲሱ 1 ሜትር ከ435 ሚሊሜትር። ጎማው አይገጥምም። ቀላል ባቡሩ በስፋት ከአዲሱ ጋር እኩል ነው፣ ግን እሱም ለቡ ድረስ ልሂድ ቢል አይሆንለትም፤ የሚሠራው በ750 ቮልት ነው፣ የጅቡቲው መስመር በ25,000። ሁለቱን አንድ ጣቢያ ላይ ማገናኘት ማለት መንገደኛው ወርዶ ይቀይራል ማለት ነው፣ ሌላ ዘዴ የለም። እኔ የሚያናድደኝ እሱም አለመኖሩ ነው። ለቡ ለመድረስ ሻንጣ ተሸክመህ ታክሲ ትጋፋለህ።

አቤል፦ ጋሼ፣ በአጠቃላይ ስለ ባቡር ትንሽ ቢነግሩን?

ጋሽ ሐዲድ፦ ምኑን? ለይተህ ጠይቅ።

ዮኒ፦ ሕንፃው በ1929 ያሉት በኛ ነው?

ጋሽ ሐዲድ፦ ከላይ አንብብ።