መልስ፦ የኮንዶሚኒየም ግድግዳን ለዕቃ ማስቀመጫም ለጌጥም ስለመጠቀም

ውድ ጠያቂ፣ ሳሎንዎ ጠባብ በመሆኑ ግድግዳውን ለመደርደሪያም ለጌጥም እንዴት ሊጠቀሙበት እንደሚችሉ ጠይቀዋል። አስቀድመው ግድግዳው ከምን እንደተሠራ ይለዩ። የኮንዶሚኒየም ግድግዳ በአብዛኛው ውስጡ ክፍት በሆነ ብሎኬት የተገነባ ስለሆነ፣ በተራ የፕላስቲክ ፊሸር (ብሎኑን እንዲይዝ ቀዳዳው ውስጥ በሚገባ ማቀፊያ) የታሰረ መደርደሪያ መጽሐፍ ሲሞላበት ቀስ በቀስ ልስኑን ይዞ ሊወርድ ይችላል። ከባድ ነገር በአርማታው ኮለን (ቋሚ ምሰሶ) ላይ ቢሰቀል ይሻላል፤ ይህ ካልተመቸ፣ ክብደቱን ወለሉ የሚሸከምለት ባለ እግር መደርደሪያ አሠርተው፣ ከግድግዳው ጋር የሚያያዘው ወደ ፊት እንዳይወድቅ ብቻ ይሁን። ከሶኬትና ከማብሪያ ማጥፊያ ትይዩ ወደ ላይም ሆነ ወደ ታች አያስበሱ፤ የኤሌክትሪክ መስመሩ ብዙውን ጊዜ በዚያ ያልፋል።

ለጌጡ ከሐረር ባህላዊ ቤት የተሻለ አስተማሪ አላውቅም። በዚያ በግድግዳው ላይ የሚደረደሩት ባለ ኅብረ ቀለም ስፌቶች ቤቱን ያስውባሉ፣ ሲፈለጉም ወርደው ያገለግላሉ፤ በግድግዳው ውፍረት ውስጥ የተሠሩት ጎድጓዳ ቦታዎችም ዕቃ ይቀመጥባቸዋል። የእርስዎ የብሎኬት ግድግዳ ስስ ስለሆነ መቦርቦሩን ይተዉት፤ ስፌቶቹ ግን ቀላል በመሆናቸው በትንሽ ሚስማር ይያዛሉ። አራቱንም ግድግዳ ከመሙላት ይልቅ ከመግቢያው ትይዩ ያለውን ብቻ ቢያስጌጡ፣ በእኔ አስተያየት፣ ክፍሉ አይጨናነቅም።