መልስ፦ በአሜሪካ ደቡብ ምሥራቅ ዳርቻ፣ ከቻርለስተን (ሳውዝ ካሮላይና) እስከ ሴንት ኦገስቲን (ፍሎሪዳ) በመኪና ለመጓዝ ሦስት ቀን ይበቃል ወይ?

ይበቃል፣ ግን ሩጫ ነው። አምስት አድርገው። ፈጣኑን አውራ ጎዳና፣ ኢንተርስቴት 95ን፣ ተወውና በአሮጌው 17 ቁጥር መንገድ ውረድ። ከቻርለስተን እስከ ሳቫና (ጆርጂያ) ሁለት ሰዓት ገደማ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ቢፈጅብህም አይቆጭህ። ቢውፈርት ከተማ ጋ ታጠፍና ሴንት ሄሌና ደሴት ግባ። እዚያ ፔን ሴንተር አለ፣ እ.ኤ.አ. በ1862 ከባርነት ለወጡ ጥቁሮች የተከፈተ ትምህርት ቤት የነበረ። ለእኔ የጉዞው ልብ እሱ ነው።

ሳቫና ላይ መኪናህን አቁመህ በእግርህ ዙር። 22 አደባባይ አለ፣ ከኦክ ዛፎቹ ላይ የሽማግሌ ጢም የመሰለ ሽበታም ተክል (ስፓኒሽ ሞስ) ተንጠልጥሏል።

ሴንት ኦገስቲን ስትደርስ የስፔኖቹን ምሽግ ግድግዳ ጠጋ ብለህ እየው። ድንጋዩ ራሱ የተጣበቀ ዛጎል ነው። የመድፍ ጥይት ሲመታው ከመሰንጠቅ ይልቅ ይውጠው ነበር።

ነሐሴና መስከረም ግን ይቅርብህ፤ ሙቀቱ፣ ትንኙ፣ አውሎ ነፋሱ!