የጂን ማስገቢያ ዘዴውን ከመምረጥሽ በፊት

ከደሴ የጻፈችልን የባዮሎጂ ተመራቂ ለሁለተኛ ዲግሪ ጥናቷ በአጥቢ እንስሳት ሴሎች ውስጥ ጂን አስገብታ ፕሮቲን ማምረት ታስባለች። «በኬሚካል፣ በኤሌክትሪክ ወይስ በቫይረስ ላስገባ? ሥራ የሚያስገኝልኝስ የትኛው ነው?» ብላለች።

እህቴ፣ ምርጫውን የሚወስነው ፕሮቲኑ ምን ያህልና እስከ መቼ ያስፈልጋል የሚለው ነው። ለሙከራ ጥቂት ሚሊግራም ከበቃሽ ከሰው ፅንስ ኩላሊት በተገኙት ሄክ 293 ሴሎች ላይ ፒኢአይ የተባለውን ፖሊመር ተጠቀሚ። ፖሊመሩ ፖዘቲቭ ሙል ስላለው ኔጌቲቭ የሆነውን ዲኤንኤ ሰብስቦ ይይዛል፤ ሴሉም ይውጠዋል። ርካሽ ነው፤ ምርቱም በሳምንት ገደማ ይደርሳል። ዲኤንኤው ግን በአብዛኛው ከክሮሞሶሙ ጋር ስለማይዋሃድ ሴሎቹ በተከፋፈሉ ቁጥር እየተመናመነ ይጠፋል፤ ለቀጣዩ ዙር እንደገና ታስገቢያለሽ።

የመድኃኒት ፋብሪካ እንዲህ ሊሠራ አይችልም። ከሃምስተር ኦቫሪ በተገኙት ቾ ሴሎች ውስጥ ጂኑን ከክሮሞሶሙ ጋር ያዋህዳል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1987 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት ቲፒኤ የሚመረተው በእነዚህ ሴሎች ነው። ጂኑ የሚያርፍበት ቦታ ግን እንደ ዕድል ነው፤ አንዱ ሴል አብዝቶ ያመርታል፣ ሌላው ጭራሽ ዝም ይላል። ምርጡን ለይቶ ማውጣት ወራት ይፈጃል። ፒጊባክ የተባለው ተዘዋዋሪ ጂን (ከቦታ ቦታ የሚዘዋወር የዲኤንኤ ቁራጭ) ንቁ ወደሆኑ የክሮሞሶም ክፍሎች ስለሚያደላ ማጣራቱን ያቀላል፤ ቢሆንም በመመረቂያ ጥናት ላይ ቋሚ የሴል መስመር (ጂኑን ለዘለቄታው ይዞ የሚራባ የሴል ዘር) አወጣለሁ ብለሽ ቃል አትግቢ። የኤሌክትሪኩ መሣሪያ ውድ ነው፤ ጂን ተሸካሚው ሌንቲቫይረስም የሚጠይቀው የደኅንነት ጥንቃቄ ለጀማሪ ይከብዳል።

ሥራውን በተመለከተ አቋሜ ጠንካራ ነው፦ የሚያስቀጥርሽ ሴል ሳይበከል ማቆየት መቻልሽ ነው። ቢሾፍቱ የሚገኘው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት የበግና የፍየል ደስታ መሰል በሽታ (ፒፒአር የሚባለው የቫይረስ በሽታ) ክትባትን የሚያመርተው ከጦጣ ኩላሊት በተገኙት ቬሮ ሴሎች ላይ ነው፤ እዚያ ጂን ማስገባት አያስፈልግም፣ ንጹሕ እጅ ግን የግድ ነው። ሴሎችን የሚበክለው ጥቃቅን ባክቴሪያ ማይኮፕላዝማ በተራ ማይክሮስኮፕ አይታይም፤ ምርትን ግን ያሽመደምዳል። ምርመራውን ተማሪ። ለአንቺ ቅርብ የሆነው የኮምቦልቻ የእንስሳት በሽታ ምርመራ ላቦራቶሪ ነው፤ የልምምድ ማመልከቻሽን አሁኑኑ አስገቢ።

የጥናት ዕቅድሽን ከማስገባትሽ በፊት ደግሞ አማካሪሽን ሴሎች የሚያድጉበት የካርቦን ዳይኦክሳይድ ኢንኩቤተር፣ ሴሎች በርደው የሚቀመጡበት ፈሳሽ ናይትሮጅንና መብራት ሲጠፋ የሚነሳ ጄኔሬተር መኖራቸውን ጠይቂ። አንዱ ከጎደለ ሙከራውን ሙሉ መሣሪያ ባለው የአዲስ አበባ ላቦራቶሪ ለመሥራት የትብብር ደብዳቤ ይጻፍልሽ።