መምህሮቼ ክፍል ይገባሉ ግን አያስተምሩም፣ ምን ላድርግ?

ጥያቄ፦ ሰላም እንዴት ናችሁ። የ2ኛ ደረጃ ት/ቤት ምክትል ርዕሰ መምህርት ነኝ። ደወል ተደውሎ ግማሹ መምህር ስታፍ ውስጥ ወሬ ላይ ነው። በተለይ አንድ የፊዚክስ መምህር አለን፣ በፊት ቅዳሜ ሳይቀር ቲቶሪያል ይሰጥ ነበር፣ አሁን ኖቱን ለክፍል አለቃው ሰጥቶ ሰሌዳ ላይ ያስገለብጥና እሱ ጥግ ይዞ ስልኩን ይነካካል። ስናገረው «በዚህ ደሞዝ ይሄም በዝቷል» ይለኛል። ደሞዝ መጨመር አልችል፣ ዝም ማለትም ከበደኝ። ዳይሬክተራችን የሞቲቬሽን ስልጠና የሚሰጥ ሰው እናምጣ እያለ ነው፣ ይጠቅማል?

መልስ፦ እህቴ፣ ስልጠናው ይቅርባችሁ። የቤት ኪራይ ያስጨነቀውን ሰው አዳራሽ ሰብስቦ «ትችላለህ!» ማለት የባሰ ያናድደዋል (ብሩን ለፎቶኮፒ ወረቀት አውሉት)።

ደሞዙ ላይ እውነቱን ነው፣ አትከራከሪው። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ኑሮው የት እንደደረሰ አንቺም ታውቂዋለሽ፣ ጭማሪ መጣ ቢባልም ቤት ለቤት ሳያስጠና ወር መድረስ ያቃተው መምህር ብዙ ነው። ግን ደሞዝ ብቻውን ነገሩን አይጨርሰውም። ፍሬድሪክ ኸርዝበርግ የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ በ1959 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት (የጠየቃቸው ኢንጅነሮችና አካውንታንቶች ናቸው፣ እኔ ግን ለመምህርም ይሰራል ባይ ነኝ) ደሞዝና የአለቃ ነገር ሲበላሽ ሰው ይማረራል፣ ሲስተካከል ምሬቱ ይቀንሳል እንጂ ስራውን አያስወድደውም፣ ስራ የሚያስወድደው የልፋትን ውጤት ማየት፣ መመስገን፣ ኃላፊነትና እድገት ነው ይላል። አንቺ እጅ ላይ ያለው ይሄኛው ነው።

ውጤት ማየት የሚለውን እንይ። በ2015 የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዛ በላይ ያመጣው ከተፈተነው 3.2 በመቶው ብቻ ነበር፣ በ2016ም 5.4 ነው። አመቱን ሙሉ ለፍቶ ከክፍሉ አንድ ልጅ እንኳን ካላለፈለት የለፋውም ያልለፋውም አንድ ሆነ ማለት ነው፣ ታዲያ ለምን ይድከም? ስለዚህ ማለፍና መውደቁን ብቻ አትቁጠሩ። መስከረም ላይ አጭር ፈተና ስጡ፣ ጥር ላይ ድገሙት፣ 12 ያመጣው ልጅ 28 ከደረሰ የመምህሩ ስም ስብሰባ ላይ በምስጋና ይነሳለት።

የስራ አፈፃፀም ምዘናውስ? ፎልደሩ ያማረለት 90 ሲሞላለት፣ ክፍል ውስጥ ድምፁ እስኪዘጋ የሚያስተምረውም ያው 90 ከሆነ በገዛ እጃችሁ ነው ያቀዘቀዛችሁት። ክፍል ገብተሽ ተቀምጠሽ አይተሽ ሙዪው። የደረጃ እድገት ሰነዱ ወረዳ ላይ ተኝቶ ከሆነም ራስሽ ተከታተዪለት፣ ከጀማሪ መምህር እስከ ከፍተኛ መሪ መምህር ያለው እርከን የሚያጓጓው ወረቀቱ ሲንቀሳቀስ ነው።

ፕሮግራም ሲወጣ ደግሞ የፊዚክሱን መምህር ፔሬዶች ጠዋት ጠዋት ሰብስቢለት፣ ከሰዓት ለማስጠናቱ ይሁነው፣ በለውጡ የክፍል አለቃው ሳይሆን እሱ ራሱ ያስተምር። ላብ ክፍሉ ተቆልፎ አቧራ እየጠጣ ከሆነ ቁልፉን ስጪው።

ስንፍናን ሁሉ ግን ሞቲቬሽን ማጣት አንበለው፣ ሁሉም ተስተካክሎለት አሁንም ደወል የማይሰማ ካለ ደንቡ አለ፣ በደንቡ ሂጂበት።

ፊዚክሱን ቢሮ አትጥሪው፣ ሻይ ጋብዢውና ቅዳሜውን ለምን እንደተወ ጠይቂው። የቲቶሪያል ክፍያው ተቋርጦበት ከሆነ ለወላጅ መምህር ህብረት አቅርቢው፣ ትንሽም ብትሆን የሚያዋጡ ወላጆች አይጠፉም።