ፔፕታይዱ ነካ ወይስ ገባ? ከጅማ ለመጡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ጥያቄዎቹ የጅማ የላብራቶሪ ባለሙያዎች፣ የባዮሎጂ ተማሪዎችና አንዲት ማር አምራች የላኳቸው ናቸው። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ ፀረ-ተሕዋስያን ፔፕታይድ የባክቴሪያን ሽፋን ከእኛ ሕዋስ የሚለየው በምን አውቆ ነው?

አያውቅም፤ የሚስበው ቻርጅ ነው። ፔፕታይድ አጭር የአሚኖ አሲድ ሰንሰለት ነው። አብዛኞቹ ከ10 እስከ 50 አሚኖ አሲድ የሚረዝሙ ሲሆኑ ላይሲንና አርጂኒን የተባሉት አሚኖ አሲዶች ስለሚበዙባቸው ፖዘቲቭ ናቸው። የባክቴሪያ ሽፋን ደግሞ ፎስፋቲዲልግሊሴሮልና ካርዲዮሊፒንን የመሰሉ ኔጌቲቭ ሊፒዶች (ቅባቶች) አሉት። የእኛ ሕዋስ ውጪኛ ገጽ በአመዛኙ ቻርጁ ገለልተኛ ነው፤ ኮሌስትሮሉም ያጠብቀዋል። መለየቱ ግን ፍጹም አይደለም። በንብ መርዝ ውስጥ ያለው ሜሊቲን 26 አሚኖ አሲድ ብቻ ሆኖ ባክቴሪያውንም ቀይ የደም ሕዋሱንም ያፈርሳል።

ጥያቄ፦ ሁሉም ሽፋን በስተው ነው የሚገድሉት?

አይደለም። በ1987 ከእንቁራሪት ቆዳ የተገኘው ማጋይኒን መጀመሪያ ሽፋኑ ላይ ይጋደማል፤ ቁጥሩ ሲበዛ የሊፒዶቹን ራስ ወደ ውስጥ አጥፎ ከእነሱ ጋር ቀዳዳ ይሠራል። ሌሎች ገጹን ሸፍነው እንደ ሳሙና ይበትኑታል። ቡፎሪን 2 ግን ሽፋኑን ብዙም ሳይጎዳ ያልፍና ኒውክሊክ አሲድ (ዲኤንኤና አርኤንኤ) ላይ ይጣበቃል፤ 11ኛው ቦታ ላይ ያለውን ፕሮሊን የተባለ አሚኖ አሲድ ከቀየሩበት ይህ ችሎታው ይጠፋል። የማር ንቧ አፒዴሲን ደግሞ በኢ. ኮላይ ኤስቢኤምኤ በተባለ አጓጓዥ በኩል ገብቶ ራይቦዞምን (ፕሮቲን የሚሠራውን የሕዋስ ክፍል) ያውካል፤ ይህ አጓጓዥ የሌለው ባክቴሪያ በቀላሉ አይበገርለትም። በመማሪያ መጽሐፍ ላይ ያሉት የቀዳዳ ሥዕሎች ለፈተና ይበቃሉ፣ ለእውነተኛ ውጤት ትርጓሜ ግን አይበቁም።

ጥያቄ፦ የጫካ ማራችን ባክቴሪያ የሚገድለው በዚህ ፔፕታይድ ነው?

እህቴ፣ ማር ውስጥ ዲፌንሲን-1 የተባለ የንብ ፔፕታይድ ሊኖር ይችላል። ነገር ግን ስኳሩ፣ አሲድነቱና ሃይድሮጂን ፐሮክሳይዱ ራሳቸው ይገድላሉ። እነዚህ ሳይለዩ «የፔፕታይድ ሥራ ነው» ማለት አይቻልም።

ጥያቄ፦ ኤምአይሲ (የባክቴሪያን እድገት የሚገታውን ዝቅተኛ መጠን) ስንሠራ ውጤቱ በየጊዜው ይለያያል። ምን እናድርግ?

መጀመሪያ ፕሌቱን ይዩ። ፖዘቲቭ ፔፕታይድ ተራው የፖሊስታይሪን ፕላስቲክ ላይ ስለሚለጠፍ፣ ጉድጓዱ ውስጥ አለ ያላችሁት ግማሹ ግድግዳው ላይ ሊቀር ይችላል። ባለ 96 ጉድጓድ የፖሊፕሮፒሊን ፕሌት ተጠቀሙ። ፔፕታይዱን ከሚፈለገው 10 እጥፍ አድርጋችሁ፣ 0.2% የከብት ሴረም አልቡሚን ባለበት 0.01% አሴቲክ አሲድ አቅጥኑ። ከዚያ 11 ማይክሮሊትሩን 100 ማይክሮሊትር ባክቴሪያ ላይ ጨምሩ። ባክቴሪያው ከ0.5 ማክፋርላንድ (የባክቴሪያ ድፍርስነት መለኪያ) በ200 እጥፍ ሲቀጥን በሚሊሊትር ወደ 5×10⁵ ሕዋስ ይደርሳል። ከ18 እስከ 24 ሰዓት በ37 ዲግሪ ይቆይ።

ቀጥሎ ጨው። ካልሲየምና ማግኒዝየም የተጨመረበት ሙለር ሂንተን ብሮዝ (ባክቴሪያ የሚያድግበት ፈሳሽ) ለተለመዱት አንቲባዮቲኮች ትክክለኛው ነው፤ እዚህ ግን ሁለቱ አየኖች በአንዳንድ ባክቴሪያዎች ውጪኛ ሽፋን ላይ ያለውን የሊፖፖሊሳካራይድ ፎስፌት ቀድመው ይይዙና ፔፕታይዱን ደካማ ያስመስሉታል። ባልተጨመረበት ሥሩ፤ የትኛውን እንደተጠቀማችሁም ሪፖርቱ ላይ ይጻፍ። በሌላ በኩል በንጹሕ የፎስፌት በፈር ብቻ ተሠርቶ «ኃይለኛ ነው» የተባለ ፔፕታይድ 150 ሚሊሞላር የገበታ ጨው ሲገባበት ብዙ ጊዜ ይከዳል።

ሦስተኛው ሚዛኑ ነው። የተመዘነው ዱቄት ሁሉ ፔፕታይድ አይደለም፤ ከአሠራሩ የተረፈ ትራይፍሎሮአሴቴት የተባለ ጨውና ውሃም አብረው ይመዘናሉ። ከአምራቹ ወረቀት ላይ የተጣራውን የፔፕታይድ መቶኛ ወስዳችሁ አስሉ። በጅማ ክረምት ደግሞ ከፍሪዘር የወጣን ጠርሙስ ወዲያው መክፈት ጥፋት ነው፤ እርጥበቱን ይስባል። እንደተከደነ የክፍሉን ሙቀት እስኪያገኝ ይጠበቅ። መብራት በሚጠፋበት ቦታ በዱቄትነቱ ማቆየት ይሻላል፤ የተሟሟውን ለአንድ ጊዜ በሚበቃ መጠን ከፋፍሉት።

ጥያቄ፦ ወደ ሰው ሕዋስ መግባቱን በማይክሮስኮፕ አይተናል። ይበቃል?

ሕዋሱን በፎርማልዴሃይድ ፊክስ አድርጋችሁ (ገድላችሁ ባለበት አስቀርታችሁ) ከሆነ አይበቃም። ላዩ ላይ የተለጠፈው ፔፕታይድ በፊክሱ ጊዜ ወደ ውስጥ ይገባና ኒውክሊየስ ድረስ የደረሰ ይመስላል። በሕይወት ያለ ሕዋስ እዩ። ከማየታችሁ በፊት ለጥቂት ደቂቃ ፕሮቲን በሚቆርጠው ኢንዛይም በትሪፕሲን እጠቡት፤ ላዩ ላይ የቀረውን ይቆርጠዋል።

ነጠብጣብ ብርሃን ብቻ ከታየ ፔፕታይዱ ኢንዶዞም (ሕዋሱ ከውጪ የዋጠውን የሚይዝ ከረጢት) ውስጥ ታስሯል፤ ሳይቶፕላዝም ደርሷል አይባልም። በሕዋሱ ሁሉ የተሰራጨ ከሆነ ደግሞ ጤነኛ ሽፋን የማያልፈውን ፕሮፒዲየም አዮዳይድ የተባለ ማቅለሚያ ጨምሩ። እሱም ከገባ ሽፋኑ ተቀዷል፤ በተቀደደ ሽፋን ምንም ነገር ይገባል። በ4 ዲግሪ ሲሠራ ኢንዶሳይቶሲስ (ሕዋሱ ከውጪ መዋጡ) ይቆማል፤ በዚያ ሙቀትም ከገባ መንገዱ በቀጥታ በሽፋኑ በኩል የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። ፔፕታይዱ ላይ ለማየት የተያያዘው ማቅለሚያ ራሱ ከባድና ቅባት ወዳድ ስለሆነ የአጭር ፔፕታይድን ጠባይ ይለውጣል፤ ማቅለሚያውን ለብቻው የጨመራችሁበት ናሙና ይኑር።

ጥያቄ፦ ለሄሞሊሲስ (ቀይ የደም ሕዋስ መፍረሱን ለመለካት) የበግ ደም ይሆናል?

ለልምምድ ይሆናል። አሠራሩ ያው ነው፦ ደሙን በፒቢኤስ (ጨዋማ የፎስፌት በፈር) ሦስት ጊዜ አጥቦ 4% ማዘጋጀት፣ ከፔፕታይዱ ጋር በ37 ዲግሪ አንድ ሰዓት ማቆየት፣ በሴንትሪፊውጅ አዙሮ ላይኛውን ፈሳሽ በ540 ናኖሜትር ማንበብ፤ ሁሉንም ሕዋስ የሚያፈርሰው 1% ትራይተን ኤክስ-100 እንደ 100%፣ ፒቢኤስ ብቻውን እንደ ዜሮ ይያዛል። የበግ ቀይ ሕዋስ ግን ፎስፋቲዲልኮሊን የተባለው ሊፒድ የለውም ማለት ይቻላል፤ በምትኩ ስፊንጎማየሊን የተባለው ይበዛበታል። ስለዚህ በበግ ደም የተገኘ «ጉዳት የለውም» ለሰው አይተላለፍም። ለሰው ደም ደግሞ የሥነ ምግባር ፈቃዱን ፔፕታይዱን ከማዘዛችሁ በፊት ጀምሩት።