መጠጥ መደብር ልትከፍቱ ላሰባችሁ ልጆቼ

ጸጉሬ የሸበተው እዚሁ አዳማ የሱቆችን ሂሳብ ስሠራ ነው፤ በተለይ የመጠጥ መደብሮችን። አንዳንዶቻችሁ ዕቅዳችሁን ይዛችሁ ትመጣላችሁ። ኪራዩ ተጽፏል፣ ፍሪጁ ተጽፏል፣ የመጀመሪያው ጭነት ተጽፏል። ሠራተኛ የሚለው ላይ ስደርስ “አንድ ልጅ” ይላል። ልቤ የሚደነግጠው እዚያ ላይ ነው።

እስቲ አብረን እንቁጠር። ሱቁ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተከፍቶ ከምሽቱ 4 ሰዓት ይዘጋል። 14 ሰዓት ነው፤ በሳምንት 98። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ መደበኛውን ሥራ በሳምንት ከ48 ሰዓት አያሳልፍም። ትርፍ ሰዓቱም ከ12 አይበልጥም። “አንድ ልጅ” ያላችሁት ሁለት ሰው ነው ማለት ነው።

ለስሌት እንዲመቸን ደመወዙን 6,240 ብር እንበል። በወር 26 ቀን፣ በቀን 8 ሰዓት ቢሠራ ሰዓቱ 30 ብር ይመጣል። የእናንተ የጡረታ መዋጮ 11 በመቶ ነው፤ 686 ብር ከ40 ሳንቲም። በበዓል ቀን ያሠራችሁት ትርፍ ሰዓት በሁለት ተኩል ይባዛል፤ 75 ብር። የእኛ ገበያ የሚደራው ደግሞ በበዓል ነው። 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድም አለ።

እኔም አንድ ጊዜ አጥፍቻለሁ። አንድ ደንበኛዬን “ከሁለቱ ልጆች አንዱን ቀንስ” አልኩት። ወረቀት ላይ ያምር ነበር። የቀረው ልጅ ጭነት ሲያወርድ ገዢ ይጮህበታል፤ ገዢ ሲያስተናግድ ጭነቱን ያመጣው ሾፌር ያጣድፈዋል። ተመላሹን ባዶ ጠርሙስ ሳይቆጥር ይፈርማል። ከሁለት ወር በኋላ መጋዘን ገብቼ ራሴ ቆጠርኩ። 24 ጠርሙስ መያዝ ያለበት ሳጥን 22 ይዟል። አንዳንዱ አፉ ተሸርፏል፤ እንዲህ ያለውን አከፋፋዩ አይቀበልም። ባለሱቁ ጉድለቱን ከልጁ ደመወዝ ቆረጠ። ልጁም በሳምንቱ ጥሎ ሄደ። የተተካው ልጅ የትኛው ገዢ ባዶ ጠርሙስ በመያዣ እንዳስቀመጠ እንኳን አያውቅም።

ያ ልጅ ትከሻው ላይ የሳጥን ጠርዝ የሠራው ምልክት ነበረው፤ እስካሁን አይኔ ላይ አለ። ደመወዝ ያለ ሕግ ወይም ያለ ሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት እንደማይቆረጥ፣ ሲቆረጥም ከወሩ ሲሶ እንደማያልፍ ለባለሱቁ ልነግረው ይገባኝ ነበር። አልነገርኩትም።

ስለዚህ ደመወዝ አትቀንሱ። የሞተውን ሰዓት፣ ገዢ የሚጠፋበትን፣ ፈልጉ። ለአንድ ወር ደብተር ይዛችሁ በየሰዓቱ የሸጣችሁትን ጻፉ። አዳማ ዓርብና ቅዳሜ ማታ ከአዲስ አበባ በፈጣን መንገዱ የሚመጣው እንግዳ ሌላ ነው፤ የማክሰኞ ጠዋት ሌላ ነው። ሥራውንም ለዩት። ቢራ ይወርዳል፣ ይደረደራል፣ ይቀዘቅዛል፣ ባዶው ተመልሶ ይቆጠራል። ውስኪ ከመደርደሪያ ወርዶ ተሸጠ፣ አለቀ። ጉልበቱን የሚበላው ቢራው ነው።

አንዱ ከጠዋቱ 2 እስከ 10፣ ሌላው ከ8 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ይግባ። ከ8 እስከ 10 ሁለቱም አሉ፤ ጭነቱ ያኔ ይውረድ፣ ባዶውም ያኔ ይቆጠር። በእረፍት ቀናቸው እናንተ ቁሙ። ከ21 ዓመት በታች ለሆነ መሸጥም ክልክል ነው። 14 ሰዓት ቆሞ የዋለ ልጅ ደግሞ ማታ መታወቂያ ለመጠየቅ አቅም የለውም።

“አንድ ልጅ” የሚለውን ሰርዛችሁ፣ ሁለቱን ፈረቃ ጽፋችሁ ኑ። ቀሪውን ቁጭ ብለን እንሠራዋለን።