የዘላቂነት ትምህርት ልማር ወይስ ይቅርብኝ? ለጠየቃችሁኝ ሁሉ

ዘላቂነትን ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ተምሬያለሁ። አሁን እንጀራዬ የድርጅቶችን የካርበን ልቀት ማስላት ነው። «ጠይቁኝ» ስል ይህን ያህል ይጎርፋል ብዬ አልጠበቅኩም። ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ አባቴ «ዛፍ ለመትከል ነው እንዴ ዩኒቨርሲቲ የምትገቢው?» ይሉኛል። ምን ልበላቸው?

መልስ፦ አባትሽ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም፤ ነገሩ የተጀመረው ከደን ነው። ሃንስ ካርል ፎን ካርሎቪትስ የሚባል፣ በዛሬዋ ጀርመን ውስጥ ያለችው የሳክሶኒ የማዕድን ሹም ነበር። የማዕድን ሥራው ደኑን እየበላ ሲያስቸግር፣ በ1713 ባሳተመው ጽሑፍ መቁረጥና መተካት ይመጣጠን አለ። በ1987 ደግሞ በኖርዌይዋ ጠቅላይ ሚኒስትር በግሮ ሃርለም ብሩንትላንድ የተመራው የተባበሩት መንግሥታት ኮሚሽን ሐሳቡን አሰፋው፦ የዛሬው ትውልድ ፍላጎቱን ሲያሟላ የነገውን ድርሻ አይንካ። ስለዚህ ኢኮኖሚክስም፣ ሕግም፣ ኬሚስትሪም ትማሪያለሽ። ዛፉም አይቀርም።

ጥያቄ፦ ሒሳብ አለው? እውነቱን ንገረኝ፣ ሒሳብ ሸሽቼ ነው የመጣሁት።

መልስ፦ እዚህም ቀድሞህ ደርሷል። ግን አትደንግጥ። አንደኛ ዓመት ላይ መምህራችን «1 ሊትር ናፍጣ ሲቃጠል ከ2.6 ኪሎ በላይ ካርበን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል» አለን። ናፍጣው ራሱ 0.84 ኪሎ ገደማ ነው የሚመዝነው። አንዱ ከኋላ «ታዲያ ትርፉ ከየት መጣ?» ብሎ ጮኸ። ሳቅንበት፤ የሳቅነው ግን መልሱን ስላወቅን አልነበረም።

ትርፉ የመጣው ከአየር ነው። ናፍጣው ውስጥ 0.72 ኪሎ ያህል ካርበን አለ። ሲቃጠል ከአየር ኦክስጅን ይወስድና 12 ግራሙ ካርበን 44 ግራም ጋዝ ይሆናል። 0.72ን በ44 አባዛ፣ ለ12 አካፍል። ስታትስቲክስም ትወስዳለህ፤ የዕለት ተዕለት ሥራዬ ግን ከዚህ ብዙም አይርቅም። ራስ የሚያዞረው ድርጅቱ ስንት ሊትር እንዳቃጠለ ማወቁ ነው። ግማሹ ደረሰኝ ጠፍቷል፣ ግማሹ ቀለሙ ለቆ አይነበብም።

ጥያቄ፦ ከአካባቢ ሳይንስ በምን ይለያል?

መልስ፦ የአካባቢ ሳይንስ ወንዙ በምን እንደተበከለ ይነግርሃል። ዘላቂነት ደግሞ ሠራተኛው ሳይበተን ብክለቱ እንዴት ይቁም ብሎ ይጨነቃል። ላቦራቶሪ የምትወድ ከሆነ የመጀመሪያው ይሻልሃል።

ጥያቄ፦ ሥራስ?

መልስ፦ «ዘላቂነት ተምሬያለሁ» ብቻ ብለህ ከሄድክ ይከብዳል። ትምህርቱ ሰፊ ነው፤ ከሁሉም ቀምሰህ ከአንዱም ሳትጠግብ ልትመረቅ ትችላለህ። እኔም እንደዚያ ሆኜ ነው የወጣሁት፣ ኤክሴልን በደንብ የለመድኩት ከተመረቅኩ በኋላ ነው። ስለዚህ ገና ተማሪ ሳለህ አንድ ሙያ ያዝ። የልቀት ስሌት ይሁን፣ ጂአይኤስ (የቦታ መረጃን በኮምፒውተር ካርታ መተንተን) ይሁን፣ የውሃ አያያዝ ይሁን፣ ብቻ አንዱን ጠበቅ አድርግ።

ጥያቄ፦ ዩኒቨርሲቲ ስመርጥ ምን ልይ?

መልስ፦ ስሙን ትተሽ የኮርሱን ዝርዝር እዪ። ዘርፉ ገና ልጅ ነው፤ የአሜሪካው አሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ እንኳ ራሱን የቻለ የዘላቂነት ትምህርት ቤት የከፈተው በ2006 ነው። ስለዚህ አንድ ዓይነት ስም ያላቸው ሁለት ፕሮግራሞች ሰማይና ምድር ሊሆኑ ይችላሉ። «መግቢያ» የሚል ኮርስ ከበዛ ሽሺ። ተማሪውን ወጥቶ የሚያሠራ ካገኘሽ ያዢው።

ጥያቄ፦ ኩባንያዎቹ ይህን ሁሉ የሚያደርጉት ለታይታ አይደለም?

መልስ፦ ብዙዎቹ አዎ። ልቀት በሙያው «ስኮፕ» በሚባሉ ሦስት ክፍሎች ይከፈላል፦ ራስህ የምታቃጥለው፣ የምትገዛው ኤሌክትሪክ፣ እና ከአቅራቢ እስከ ደንበኛ ያለው ቀሪው ሁሉ። ሦስተኛው ብዙ ጊዜ ትልቁ ነው፣ የሚዘለለውም እሱ ነው። አንድ ድርጅት ሽፋኑ ላይ አረንጓዴ ቅጠል ያለበት ሪፖርት አሳየኝ። ሦስተኛው የለም። «የት ሄደ?» ስል «ዳታ የለንም» አሉኝ። የግዢ መዝገቡን ለምኜ ወሰድኩና ግምቱን ሠራሁት። ከሁለቱ ድምር በለጠ። በቀጣዩ ዓመት ሪፖርት ውስጥ ቁጥሩ ገባ። ቅጠሉም ሽፋኑ ላይ እንዳለ ነው።